ሰው ሳይሆን ወረቀት ጠቁሙ፦ በሐዋሳ የጨረታ መመሳጠርን ለሚጠረጥር ሰው ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ጨረታ የማያወራ የለም። አቶቴ ሰፈር ቡና ይዞ የተቀመጠው ኮንትራክተርም፣ ታቦር ያለው የአናጺዎች ማኅበር አባልም «ያ ጨረታ እኮ ቀድሞ ያለቀ ነው» ይላል። ወሬው ግን ወረቀት ላይ ሰፍሮ ለሚመለከተው አካል ሲደርስ ብዙም አይታይም። ሲደርስም «እገሌ ሌባ ነው፤ ደመወዙ ይታወቃል፤ ፎቅ ሠራ» የሚል ይሆናል። ይህን የተቀበለ መርማሪ ምን ያድርግ? የትኛውን ፋይል ይክፈት? ቁጭታችሁ ቢገባውም መነሻ አልሰጣችሁትም።

ፋይዳ ያለው ጥቆማ የትኛው ሰነድ፣ በየትኛው ቢሮ፣ ስለ ምን መታየት እንዳለበት ይናገራል። ሰው ሳይሆን ወረቀት ይጠቁማል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው። የተጻፈው ለተጫራች፣ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ እንዲሁም በሩ ላይ የሚሠራው መንገድ ነገሩ ላልጣመው የሰፈር ሰው ነው።

መጀመሪያ፦ ያያችሁት ምን ዓይነት ነገር ነው?

በጨረታ ዙሪያ የሚሠራ ማጭበርበር በሦስት ቦታ ይገኛል። ተጫራቾች እርስ በርስ ሲመሳጠሩ፣ የግዥ ሠራተኛና ተጫራች ሲመሳጠሩ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ያልተሠራ ሥራ ሲከፈል። ሦስቱ የሚያዙበት ወረቀት የተለያየ ነው።

ከሁሉም ለማየት የሚቀለው በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከነጋዴዎች በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ፣ የሚሠራው ነው። አንድ ትምህርት ቤት ኮምባይንድ ዴስክ ሊገዛ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ እንበል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሦስቱም ላይ «ኮንባይድ ዴስክ» ተብሎ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት አለ። የአንዱ ነጠላ ዋጋ 4,200 ብር፣ የሁለተኛው 4,410፣ የሦስተኛው 4,620 ነው። አስሉት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ልክ 5 በመቶ፣ ሦስተኛው ልክ 10 በመቶ ይበልጣል። ተለያይተው የሚሠሩ ሦስት ነጋዴዎች ዋጋ እንዲህ ተሰልፎ አይመጣም። ሦስቱን የጻፈው አንድ እጅ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ አሸናፊ፣ ሁለቱ አጃቢ ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ማኅተሙን ብቻ አትዩ። ማኅተም ማንም ይቀርጻል። የቲን ቁጥሩን፣ ስልኩን፣ አድራሻውን፣ የሥራ አስኪያጁን ስም አስተያዩ። የንግድ ፈቃዱ እውነት መሆኑን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ገጽ ላይ ከቤት ሆኖ ማጣራት ይቻላል።

በግልጽ ጨረታ ላይ ምልክቱ ሌላ ቦታ ነው። ለጨረታ ማስከበሪያ የቀረቡት ሲፒኦዎች (በባንክ የተረጋገጡ የክፍያ ማዘዣዎች) ከአንድ የባንክ ቅርንጫፍ፣ በአንድ ቀን፣ ቁጥራቸው ተከታትሎ ከወጡ ያሠራቸው ሰው አንድ ሊሆን ይችላል። እነዚያው አምስት ድርጅቶች በየዓመቱ ተራ በተራ ካሸነፉ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያለ በቂ ምክንያት ራሱን ካገለለ፣ ተሸናፊው በማግሥቱ የአሸናፊው ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ ሳይቱ ላይ ከታየ፣ እነዚህ ሁሉ ይጻፋሉ። ነጋዴዎች በጨረታ ዋጋ መመሳጠራቸው በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በግልጽ የተከለከለ ነው። «ተስማምተን ነው የገባነው፤ ማንንም አልሰረቅንም» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም።

የውስጥ ሰው እጅ ሲኖርበት ደግሞ ዝርዝር መግለጫው ይናገራል። የሚገዛው ዕቃ አንድ አስመጪ ብቻ ያለው ሞዴል ሆኖ ተጽፎ ይገኛል። ወይም በአንድ ጨረታ መገዛት የነበረበት ዕቃ ተቆራርጦ በአራት ፕሮፎርማ ይገዛል፤ እንዲህ ሲሆን ግልጽ ጨረታ ማውጣት ከሚያስገድደው የገንዘብ ጣሪያ በታች ይሆናል። ሰኔን በደንብ ተከታተሉ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ብሩ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ በሩጫ ይገዛል። ሩጫው ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ግን ብዙ ነገር የሚያልፈው በዚያ ሩጫ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ምልክት ማስረጃ አይደለም። ለምሳሌ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብዙ ዕቃ ዋጋ በአንድ ጊዜ ዘሏል። ተጫራቾች ሁሉ ዋጋ መጨመራቸው ያኔ መመሳጠር አልነበረም። ራሳችሁን «ይህ በንጹሕ መንገድ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሆንበት መንገድ ካለ እሱንም በጥቆማው ላይ ጻፉት። ጥቆማውን አያዳክመውም፤ የጻፈው ሰው ሚዛናዊ መሆኑን ያሳያል። የሰው ስም የምታነሱት በወረቀቱ ላይ ስለፈረመ እንጂ ስለጠላችሁት መሆን የለበትም።

ቀጥሎ፦ ገንዘቡ የማን ነው?

ጥቆማ የሚሄደው ገንዘቡ ወደመጣበት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ የብዙ ኪስ ገንዘብ ይሠራል። የከተማ አስተዳደሩና የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ግዥ ከሆነ መንገዱ የሲዳማ ክልል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግን በፌዴራል በጀት ስለሚተዳደር ጉዳዩ ወደ ፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሄዳል።

የልማት አጋር ብድር ሲኖርበት ሦስተኛ በር ይከፈታል። ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘልቀውን የፍጥነት መንገድ ተመልከቱ። አሠሪው የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው። ገንዘቡ ግን እንደየክፍሉ ይለያያል፤ ሞጆ–መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ መቂ–ዝዋይ የኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ ዝዋይ–አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ፣ አርሲ ነገሌ–ሐዋሳ የቻይና ኤግዚም ባንክ። የዓለም ባንክም ሆነ የአፍሪካ ልማት ባንክ በራሳቸው ገንዘብ የሚሠራ ማጭበርበርን የሚመረምር የራሳቸው ክፍል አላቸው። ስም ሳይገለጽ የሚላክ ጥቆማም ይቀበላሉ። ያጭበረበረ ድርጅት በባንኩ ገንዘብ ከሚሠሩ ሥራዎች ይታገዳል። ሁለቱን ጨምሮ ትልልቅ የልማት ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረጉት ስምምነት መሠረት ደግሞ አንዱ ባንክ ከአንድ ዓመት በላይ ያገደውን ድርጅት ሌሎቹ ፈራሚዎችም ያግዱታል። ለትልቅ ኮንትራክተር ይህ ከገንዘብ ቅጣት ይከብዳል።

የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ሳይቱ ላይ የተተከለውን ታፔላ አንብቡ። የሥራው ባለቤት፣ ሥራ ተቋራጩ፣ አማካሪው፣ ብዙ ጊዜም የገንዘቡ ምንጭ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከመንገድ ቆማችሁ ፎቶ አንሱት። ታፔላ የሌለው የመንግሥት ግንባታ ከሆነ፣ ያንንም መዝግቡ።

ማስረጃ አሰባሰብ

ደንቡ ቀላል ነው። በእጃችሁ በሕጋዊ መንገድ የገባውን ብቻ ያዙ። መሳቢያ አትክፈቱ፤ የሰው ኮምፒውተር አትንኩ፤ ዋናውን ሰነድ ከፋይል አትውሰዱ። ዋናው ሰነድ ከቦታው ከጠፋ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ፤ መርማሪውም የሚይዘው ያጣል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆናችሁና ሰነዱን በሥራችሁ ምክንያት ካያችሁት፣ የደብዳቤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የጨረታ መለያ ቁጥሩን፣ ማን እንደፈረመበት ያዙ። መርማሪ የሚፈልገው ፋይሉን የሚያገኝበትን ቁጥር ነው።

ተጫራች ከሆናችሁ ጨረታው የሚከፈትበት ቀን ትልቁ ዕድላችሁ ነው። ጨረታው በፖስታ የሚቀርብ ከሆነ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል፤ ስምና ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሂዱ። ማስታወሻ ያዙ። ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ የማን ፖስታ ሳይታሸግ እንደቀረበ፣ ከሰዓቱ በኋላ የተጨመረ ካለ ጻፉ። የተነበበው ዋጋ በኋላ በግምገማ ውጤቱ ላይ ተቀይሮ ከመጣ ያ ማስታወሻ ወርቅ ነው።

የሰፈር ነዋሪ ከሆናችሁ ሜትር ያዙ። በሰፈራችሁ የተነጠፈውን ኮብልስቶን ርዝመትና ስፋት መለካት ማንም አይከለክላችሁም። ስፋቱን ቢያንስ በሦስት ቦታ ለኩ፤ ከሜትሩ ጋር ፎቶ አንሱት። ድንጋዩ ከመንጠፉ በፊት ከሥሩ ምን እንደተሞላ ካያችሁ ቀኑን ያዙ፤ ከተነጠፈ በኋላ ያለ ቁፋሮ አይታይም። ሠራተኞቹን በግድ አታናግሩ። የቀን ሠራተኛው በእናንተ ምክንያት ከሥራ እንዲባረር አትፈልጉም። እሱ ራሱ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ ገረጋንቲ አልገባም» ካላችሁ አዳምጡት፤ ስሙን ግን አትጻፉ።

መረጃ በይፋ መጠየቅም መብት ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ምላሽ መስጫው 30 ቀን ነው። ከተከለከላችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መጠየቃችሁ ራሱ ሰውየውን ሊያነቃው ይችላል። ሰነድ ሊቀየር ይችላል ብላችሁ ከሠጋችሁ መረጃ መጠየቁን ተዉትና በቀጥታ ጠቁሙ።

ጥቆማውን መጻፍ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሁለት ገጽ ይበቃል። አስራ አምስት ገጽ የጻፋችሁ እንደሆነ ቁም ነገሩ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቦታውና ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተሰጠ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የኮብልስቶን ንጣፍ ሥራ ክፍያን ይመለከታል። ታፔላው ላይ ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ይህ 2,400 ካሬ ሜትር ነው። ግንቦት 12 ስንለካ ከአስፋልቱ መገንጠያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የተነጠፈው 310 ሜትር ነው። ስፋቱ በሦስት ቦታ ሲለካ 5.20፣ 5.40 እና 5.30 ሜትር ሆኗል። በአማካይ ሲሰላ ወደ 1,643 ካሬ ሜትር ይመጣል። ተቋራጩ ግንቦት 3 ዕቃውን አንስቶ ወጥቷል። ምን ያህል እንደተከፈለ አናውቅም። ዲዛይኑ በኋላ ተቀይሮ ሊሆንም ይችላል። መታየት ያለባቸው፦ የመጨረሻው የክፍያ ሰርተፍኬት፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው የልኬት ወረቀት፣ የለውጥ ትዕዛዝ ካለ እሱ፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤው። ሰነዶቹ በአሠሪው መሥሪያ ቤት የግንባታ ክትትል ክፍልና በፋይናንስ ክፍሉ ይገኛሉ። አራት ፎቶዎች ተያይዘዋል።»

እዚህ ውስጥ «ሌባ» የሚል ቃል የለም። ያዩት፣ የሰሙትና የገመቱት አልተደባለቀም። የማያውቁትን አናውቅም ብለዋል። መርማሪው ይህን ይዞ ጠዋት ቢሮው ቢገባ ከሰዓት በኋላ የክፍያ ሰርተፍኬቱን ማስወጣት ይችላል። ሰርተፍኬቱ ላይ 2,400 ካሬ ተከፍሎ ከተገኘ ነገሩ በራሱ ይናገራል።

የመመሳጠር ጥቆማ ከሆነ ቅርጹ ያው ነው። የጨረታ ቁጥሩን፣ የተከፈተበትን ቀን፣ የተጫራቾቹን ስም፣ ያያችሁትን መመሳሰል አስፍሩ። «የሦስቱም ሲፒኦ ቁጥር ይመሳከር» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ስለ ሰዎቹ ሀብት ሁለት ገጽ ከመጻፍ ይሻላል። ሰማሁ የምትሉት ካለ «ሰምቻለሁ» ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ሆን ብሎ በሐሰት መወንጀል በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። በቅን ልቦና ያየውን የጻፈ ሰው ግን ኋላ ነገሩ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ በሐሰት ወነጀለ አይባልም።

ማን ጋ፣ እንዴት ይሰጥ?

በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ። ነገሩ በታችኛው ሠራተኛ ደረጃ ያለ ከሆነ እዚያ መጀመር ይቻላል። ክፍሉ ግን በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው። የተጠረጠረው ሰው ኃላፊ ከሆነ ክፍሉን ዝለሉና በቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ ሂዱ።

አሁን የምላችሁን በጥብቅ ያዙልኝ። ጥቆማችሁን እንደ ማንኛውም ደብዳቤ መዝገብ ቤት አታስገቡ። መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ይከፈታል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይመራል፤ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይዞራል። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የቢሮ ሰው ይተዋወቃል። ኮሚሽኑ ጋ ስትደርሱ ጥቆማ የሚቀበለውን ክፍል ጠይቃችሁ ለባለሙያው በአካል ስጡ። በፖስታ የምትልኩ ከሆነ ሁለት ፖስታ ተጠቀሙ። የውስጠኛውን አሽጋችሁ «ምስጢር፤ ጥቆማ ተቀባይ ክፍል ብቻ የሚከፍተው» ብላችሁ ጻፉበት። በስልክም ማመልከት ይቻላል፤ ቁጥሩን ከኮሚሽኑ ይፋዊ ገጽ ውሰዱ እንጂ በቴሌግራም ከተላለፈላችሁ መልእክት አይሁን።

ምርመራና ክስ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። በፌዴራል ደረጃ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ከኮሚሽኑ የወጣው በ2008 ነው። ስለዚህ ኮሚሽኑ ዛሬ ሰውየውን እንዲያስርላችሁ አትጠብቁ። ከኮሚሽኑ ዋና ሥራዎች አንዱ ጥፋት ሳይፈጸም ማስቆም ነው፤ አስቸኳይ የሙስና መከላከል ይሉታል። ውል ሳይፈረም የደረሰ ጥቆማ ጨረታውን ሊያስቆም ይችላል። ከተከፈለ በኋላ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ብሩ ከሄደ በኋላ ዱካ ፍለጋ ነው። በዚህ ምክንያት ማስረጃ እስኪሞላ ብላችሁ ወራት አትጠብቁ።

ተሸናፊ ተጫራች ከሆናችሁ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይሄዳል። ጥቆማው አንድ ነው፤ በግዥ ሕጉ መሠረት የሚቀርበው የተጫራች አቤቱታ ሌላ ነው። አቤቱታው መጀመሪያ ለገዢው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ይቀርባል። የጊዜ ገደቡ በሥራ ቀናት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ነው፤ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ «የተጫራቾች መመሪያ» የሚለው ክፍል ላይ አንብቡት። ጥቆማ ስለሰጣችሁ የአቤቱታው ቀን አይቆምላችሁም።

ራስን መጠበቅ

ስም ሳይጠቅሱ መጠቆም ይቻላል። ጉዳቱ መርማሪው ጥያቄ ሲኖረው የሚያገኛችሁ አለመሆኑ ነው። ለዚህ ሲባል ስም ባትሰጡም መልስ የምትሰጡበት አዲስ ኢሜይል ብታበጁ መልካም ነው። ከቢሮ ኮምፒውተርና ከቢሮ ፕሪንተር ራቁ። ከሦስት ሰው በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ከጻፋችሁ ስም ባይኖርበትም ከሦስቱ አንዱ መሆናችሁ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን በአካል ለመርማሪው መንገር ይሻላል።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ልጥፉን መጀመሪያ የሚያየው ተጠርጣሪው ነው፤ በማግሥቱ ፋይሉ ተስተካክሎ ያድራል። እናንተ ደግሞ በስም ማጥፋት ልትከሰሱ ትችላላችሁ።

የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን ከመደበቅ ጀምሮ የመኖሪያ ቦታ እስከ መቀየር የሚደርስ ጥበቃ ይሰጣል። ሁሉንም ጥቆማ ግን አይሸፍንም። ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል መሆን አለበት፤ በጠቋሚው ላይ የሚያሰጋ አደጋም መኖር አለበት። ማስፈራሪያ ከደረሰባችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል በቃል ጽፋችሁ ያዙ፤ የስልክ መልእክቱንም አታጥፉ። ጥበቃ ስትጠይቁ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ

በአካል ከሰጣችሁ የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን ያዙ፤ መለያ ቁጥር ካለም ጠይቁ። ከአንድ ወር በኋላ ሄዳችሁ «ጉዳዩ የት ደረሰ?» በሉ። ዝርዝሩን ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ ምርመራ ምስጢር ነው። ወደ ሌላ አካል ተመርቷል ወይስ ተዘግቷል የሚለውን ግን ጠይቁ። ተዘግቶ ከሆነና አዲስ ሰነድ ካገኛችሁ በአዲሱ ሰነድ ላይ ብቻ ያተኮረ አጭር ጥቆማ እንደገና ስጡ። ያንኑ ደብዳቤ ለአሥር መሥሪያ ቤት በግልባጭ መበተን ግን አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ «ሌላው ይዞታል» ይላል፤ ምስጢሩም በአሥር እጅ ይዞራል።

«ሥራው አልቋል፤ አሁን ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። በግንባታ ውል ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ የተለያዩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ተቋራጩ ጉድለቱን የማረም ግዴታ አለበት፤ አሠሪውም ከክፍያው ላይ የያዘው ሪቴንሽን (የመያዣ ገንዘብ) አለ። የመጨረሻው ርክክብ ካልተፈረመ መሥሪያ ቤቱ ዳግም እንዲለካ፣ እንዲያስቆፍርና ገንዘቡን እንዲይዝ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ጊዜያዊ ርክክቡ የተደረገበትን ቀን ካወቃችሁ በጥቆማችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት።